የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጠቅታ የሚከፈል ማስታወቂያ ለማን ያዋጣል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ማስታወቂያውን ያየ ሰው ጠቅ ባደረገ ቁጥር ከአስተዋዋቂው ገንዘብ የሚቆረጥበት፣ በጎግል፣ በፌስቡክና በመሳሰሉት የሚሠራው የማስታወቂያ ዓይነት ነው። አራቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ስም በራሳቸው ጥያቄ መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ስምንት ክፍሎች ያሉት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። እንግዶቼ የፋሲልን ግንብ ለማየት፣ ጥምቀትን ለማክበር ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ የሚመጡ ናቸው። እስከ ዛሬ እንግዳ የማገኘው በኢንተርኔት ክፍል በሚያስይዙ ድርጅቶች በኩል ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ እንግዳ ላይ ኮሚሽን ይወስዱብኛል። የእኅቴ ልጅ «ጎግል ላይ በራስዎ ያስተዋውቁ» ይለኛል፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ «ፌስቡክ ርካሽ ነው» ይሉኛል። የማስታወቂያው ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ከሆነ ግን ገንዘብ ካላቸው ትልልቅ ሆቴሎች ጋር ተጫርቼ የት እደርሳለሁ? የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የትኛው ይሻላል ከማለት በፊት ሁለቱ የሚሸጡት ነገር አንድ እንዳልሆነ ማየት ያስፈልጋል። ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ገበያ ገብቶ «የምስር ክክ በየት በኩል ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሸማች ነው፤ ፍላጎቱን በራሱ አፍ ተናግሯል። ፌስቡክ ከፍቶ የዘመዱን የሠርግ ፎቶ የሚያይ ሰው ግን ቡና ላይ ተቀምጦ ሳለ ዕቃ የቀረበለትን ሰው ይመስላል፤ ዕቃውን ቢወደው እንኳ ዛሬ የመግዛት ሐሳብ አልነበረውም። ፓሪስ ወይም ቶሮንቶ ተቀምጦ ጎንደር ውስጥ ማደሪያ የሚፈልግ መንገደኛ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም፣ ለእርስዎ ሥራ ፎቶዎን አይቶ ከሚያልፍ ብዙ ሕዝብ ይበልጣል። ስለዚህ የእኅትዎ ልጅ ምክር ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ወዳጅዎ «ርካሽ» ማለታቸውም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚረክሰው ጠቅታው እንጂ እንግዳው አይደለም።

ስለ ጨረታው ያለዎት ስጋት በአንድ ወቅት ልክ ነበር። ይህን ንግድ በስፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ጎቱ የተባለ የአሜሪካ የፍለጋ ድረ ገጽ ሲሆን፣ በእርሱ ዘንድ ለአንድ ጠቅታ ብዙ ለመክፈል የተስማማ ሁሉ ከላይ ይቀመጥ ነበር። ጎግል ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረውን የማስታወቂያ አገልግሎት በ2002 ወደ ጠቅታ ክፍያ ሲያዞር፣ ተጫራቹ ያቀረበውን ዋጋ ሰዎች ማስታወቂያውን ጠቅ ከሚያደርጉበት መጠን ጋር ማባዛት ጀመረ። በምሳሌ እንየው። ሆቴሉ ለአንድ ጠቅታ 1 ዶላር ቢጫረትና የማስታወቂያው ጥራት 4 ነጥብ ቢሰጠው ውጤቱ 4 ይሆናል፤ እርስዎ 60 ሳንቲም ተጫርተው ጥራትዎ 8 ቢሆን 4.8 ያገኛሉና ከላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። የሚከፍሉትም የተጫረቱትን 60 ሳንቲም ሳይሆን ሆቴሉን ለመብለጥ የሚበቃውን፣ ማለትም ከ50 ሳንቲም ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው። የዛሬው አሠራር ከዚህ ስሌት እጅግ የተወሳሰበ ቢሆንም መሠረቱ አልተለወጠም። ጎግል የጥራት ነጥብ ሲሰጥ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ማስታወቂያው ምን ያህል ጠቅ ሊደረግ እንደሚችል፣ ሰውየው ከፈለገው ነገር ጋር መስማማቱን፣ እንዲሁም ጠቅ ካደረገ በኋላ የሚደርስበት ገጽ የሚጠቅምና ቶሎ የሚከፈት መሆኑን። ሦስቱም ከገንዘብ ይልቅ ትጋት የሚጠይቁ ስለሆኑ የትንሽ ቤት ባለቤት የሚያሸንፍበት በር ይህ ነው።

ደካማ ጎኑ የሚጀምረው ከጠቅታው በኋላ ነው፤ ኩባንያው የሚሸጥልዎ ጎብኚ እንጂ አዳሪ አይደለም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይህን ያስሉ። አንድ እንግዳ ሁለት ሌሊት አድሮ የአልጋ ልብስ አጠባው፣ ቁርሱና መብራቱ ሁሉ ተቀንሶ 30 ዶላር የሚተርፍዎ ቢሆን፣ አንድ ጠቅታም 40 ሳንቲም ቢያስከፍልዎ፣ መቶ ጠቅታ 40 ዶላር ይወስዳል። ከመቶው ሁለቱ ክፍል ቢይዙ 60 ዶላር ተርፎልዎ 20 ዶላር በእጅዎ ይቀራል፤ አንድ ብቻ ቢይዝ ግን 10 ዶላር ከስረዋል። በትርፍና በኪሳራ መካከል ያለችው የአንድ ሰው ልዩነት ናት፤ እርሷንም የሚወስናት ማስታወቂያው ሳይሆን የገጽዎ ፎቶግራፍ፣ ዋጋው በግልጽ መጻፉና ለመልእክት የሚሰጡት ምላሽ ፍጥነት ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩባቸው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ያማረሩበት ኮሚሽን ያን ያህል ክፉ አይደለም። ኮሚሽን የሚከፈለው እንግዳ ሲገኝ ነው፤ ጠቅታ ግን እንግዳው ቢመጣም ባይመጣም ይከፈላል። ስለዚህ የማስያዣ ድርጅቶቹን ጥለው ይውጡ አልልም። ይልቁንም የጠቅታ ማስታወቂያን በራስዎ ቤት ስም ላይ ይጀምሩ፤ ማለትም የቤትዎን ስም ጽፎ ለሚፈልግ ሰው ይታይ። እነዚያው ድርጅቶች የየሆቴሉን ስም ራሳቸው ጎግል ላይ እየተጫረቱበት፣ ቀድሞውኑ ስምዎን ሰምቶ የመጣውን እንግዳ በእነርሱ በኩል አሳልፈው ኮሚሽን የሚያስከፍሉበት ጊዜ ብዙ ነው። በራስዎ ስም ላይ ሲጫረቱ ጥራትዎ ከፍ ስለሚል ጠቅታው ብዙውን ጊዜ ርካሽ ይሆናል፤ የሚመጣውም ሰው የሚፈልገው እርስዎን ነው። በትንሽ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ከዚያ እንደ ከተማችን ስም ወዳለው፣ ብዙ ሰው ወደሚጽፈው ሰፊ የፍለጋ ቃል ሲሄዱ ጥንቃቄ ይብዛ። የከተማችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ «ጎንዳር»፣ ሌላው «ጎንደር» የሚያስብል አጻጻፍ ይጠቀማል፤ ሁለቱንም ማስገባት አለብዎ። በአንድ ታዋቂ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ «ጎንዶር» የሚባል የምናብ መንግሥት አለ። የዚያ ታሪክ ወዳጆች ቁጥራቸው የትየለሌ ነው፤ ጎግልም የፊደል ስሕተት የመሰለውን ቃል ከእርስዎ ቃል ጋር ሊያጣምረው ስለሚችል፣ የዐፄ ፋሲል ከተማ ማስታወቂያ ለጦርና ለዘንዶ ታሪክ አንባቢ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ያስቃል፤ ሒሳቡ ግን በዶላር ነው። መድኃኒቱ ማስታወቂያው እንዳይታይባቸው የሚከለክሏቸውን ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፤ «ጎንዶር»፣ «ፊልም»፣ «ካርታ»፣ «የሥራ ቅጥር»፣ «ዩኒቨርሲቲ» ከመጀመሪያዎቹ ይግቡ። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ወደ እርስዎ እንደመጡ የሚያሳየውን ሪፖርትም በየሳምንቱ ይዩት።

ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያስደነግጣሉ። አንደኛው የቀን በጀት የሚባለው በቀን የማይታለፍ ጣሪያ አለመሆኑ ነው፤ ጎግል በአንድ ቀን እስከ እጥፍ ድረስ ሊያወጣ ይችላል፣ በወሩ ግን ከቀኑ በጀት 30.4 እጥፍ አያልፍም። ሁለተኛው የቦታ ምርጫው ነው። ጎንደርን ቢመርጡ በተለመደው አቀማመጡ ማስታወቂያው ጎንደር ላሉ ብቻ ሳይሆን ለጎንደር ፍላጎት ያሳዩ፣ ሌላ አገር ላሉ ሰዎችም ይታያል። ለእርስዎ ይህ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ አዘዞ ላይ የግንባታ ዕቃ ለሚሸጥ ጎረቤትዎ ግን ንጹሕ ብክነት ነው።

ስለ ጊዜውም ልጨምር። ጥምቀት በጥር ቢሆንም ከውጭ የሚመጣው መንገደኛ ጉዞውን የሚያቅደው ከወራት በፊት ስለሆነ፣ ገንዘብዎን ከታኅሣሥ ይልቅ በመስከረምና በጥቅምት ያውጡት። የእኛን አካባቢ የሚመለከት አንድ ጉዳይም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ወደ ውጭ አገር ያነጣጠረ ማስታወቂያ እኛ መስመር ላይ ባንኖርም መሥራቱንና ገንዘብ መቁረጡን ይቀጥላል፤ መልእክት የሚጽፈው እንግዳ ግን መልስ አያገኝም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ላለ አንድ የሚያምኑት ዘመድ፣ ኔትዎርክ በጠፋ ቀን ማስታወቂያውን የሚያቆምበት ፈቃድ አስቀድመው ይስጡት።

ጥያቄ፦ አራዳ ውስጥ የሀበሻ ቀሚስ አሰፋለሁ። የፌስቡክ ገጼ ላይ አንዱን ቀሚስ ቡስት አደረግሁት፣ ማለትም ከፍዬ ለብዙ ሰው እንዲታይ አደረግሁ፤ «ከ900 በላይ ክሊክ አግኝተሻል» የሚል ሪፖርት መጣልኝ፣ የጻፉልኝ ግን አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም የገዛ የለም። ተታልዬ ይሆን? ቴሌግራም ይሻለኛል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ እኅታችን፣ በሐሰት አልተታለሉም፤ ቃሉ ግን አሳስቶዎታል። ፌስቡክ በሪፖርቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሊክ ይቆጥራል። ጠቅላላ ክሊክ በሚለው ውስጥ ፎቶውን ለማጉላት የነካ፣ ላይክ ያደረገና የገጽዎን ስም የተጫነ ሁሉ ይገባል፤ የሊንክ ክሊክ የሚባለው ግን ወደ አስቀመጡት አድራሻ የሄደውን ብቻ ነው። ጥሩ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ደግሞ ሰው ሁሉ አጉልቶ የሚያየው ነገር ነው። የእርስዎ 900 ክሊክ በአብዛኛው የአድናቆት ይመስለኛል፤ ይህም ለእጅ ሥራዎ ምስክር ቢሆንም የክር ዋጋ አይከፍልም።

ማወቅ የሚገባዎ ሌላው ጉዳይ፣ ፌስቡክ ማስታወቂያዎን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው እርስዎ ባዘዙት ግብ መሆኑ ነው። «ላይክና አስተያየት» የሚለውን ግብ ከመረጡ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣልዎታል፤ «መልእክት» የሚለውን ከመረጡ ለሻጭ የመጻፍ ልማድ ያላቸውን ይፈልጋል። በገጹ ላይ የሚታየው ቡስት የሚለው ቁልፍ ለአጠቃቀም የቀለለ ሲሆን፣ ቅለቱ የመጣው ምርጫዎቹን ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ላይ የሚከፈተውን ሙሉውን የማስታወቂያ ማስተዳደሪያ ተጠቅመው መልእክትን ግብ ያድርጉ፤ የቀሚሱን ዋጋ፣ ልኬት እንዴት እንደሚላክና በስንት ቀን እንደሚደርስም እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ያስገቡ። ዋጋ በግልጽ ሲጻፍ የሚጽፍልዎ ሰው ይቀንሳል፤ የሚጽፍልዎ ግን ገዢ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ እኔ በበኩሌ ፈጽሞ አልወደውም። በአይፎን መተግበሪያ ውስጥ ቡስት ሲደረግ የአፕል የ30 በመቶ አገልግሎት ክፍያ ሊጨመር ስለሚችልም ኮምፒዩተሩ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

የፌስቡክ ትልቁ ጥንካሬ፣ ማንም ያልፈለገውን ነገር ማሳየት መቻሉ ነው። ዋሽንግተን የምትኖር ሙሽራ የእርስዎን ስፌት ስም ጠርታ አትፈልግም፤ ስታየው ግን ልትወደው ትችላለች። ለገበያዎ ውጭ አገር ያሉ ወገኖች የሚመረጡበት ሌላ ምክንያትም አለ። ማስታወቂያው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ከለውጡ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ለሚሸጥ ሰው የአንድ ጠቅታ ዋጋ ምንም ሳይጨምር በእነዚያ ሳምንታት ብቻ እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ ነበር ማለት ነው፤ በዶላር ለሚሸጥ ግን ጉዳቱ ቀላል ነው።

ቴሌግራምን በተመለከተ፣ የድርጅቱ የራሱ ማስታወቂያ ከጠቅታ ክፍያ ወገን አይደለም፤ ዋጋው የሚታሰበው በሺህ ዕይታ ሲሆን፣ አጭር ጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ባላቸው ሕዝባዊ ቻናሎች ላይ ይወጣል። ሰዎች በተለምዶ ቴሌግራም ላይ አስተዋወቅሁ የሚሉት ግን ለቻናሉ ባለቤት በብር ከፍለው የሚያስለጥፉትን ነው። እርሱ ዶላር አይጠይቅም፣ ለአገር ውስጥ ደንበኛም ይቀርባል፤ ነገር ግን ስንት ሰው እንዳየውና እንደመጣ የሚያረጋግጥልዎ የለም። ከበዓል ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ሞክረው የሚመጣውን ቢቆጥሩ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ተፎካካሪዬ ሠራተኞቹን አሰልፎ ማስታወቂያዬን ጠቅ እያስደረገ ገንዘቤን ይጨርስብኛል ብዬ እጠረጥራለሁ። ይቻላል? እንዴትስ እከላከላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ የዚህ ንግድ የቆየ ሕመሙም ይኸው ነው። ጎግል በዚሁ ክስ አርካንሳስ በሚገኝ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን በ90 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቷል። ዛሬ አጠራጣሪ ጠቅታዎችን ማሽኑ ራሱ ለይቶ ሒሳብ አያስከፍልባቸውም፣ አልፎ የተገኘውንም ይመልሳል፤ ስንቱን እንደጣለ ለማየት በሪፖርትዎ ውስጥ ዋጋ የሌላቸው ጠቅታዎች የሚለውን ዐምድ ይክፈቱ። ችግሩ ፈራጁም ተከፋዩም አንድ አካል መሆኑ ነው። የአንድን ኮምፒዩተር የኢንተርኔት አድራሻ መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን በሞባይል ኔትዎርክ ብዙ ስልኮች አንድ አድራሻ ስለሚጋሩ፣ ጠላትን ዘጋሁ ብለው ደንበኛን ሊዘጉ ይችላሉ። ከመጠርጠርዎ በፊት ግን ማስታወቂያዎ ከፍለጋ ውጤት ውጭ በሌሎች ድረ ገጾችና በስልክ ጨዋታዎች ላይ እንዲታይ የሚፈቅደው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እንዳለ ይመልከቱ። ጠላት የሚመስለው ብዙ ጊዜ ጨዋታ ሲጫወት በስሕተት የነካ ሕፃን ነው።

ጥያቄ፦ አዘዞ መንገድ ላይ የሠርግ አዳራሽ አለኝ። አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ 60,000 ብር ተቀብሎኝ ሦስት ወር አስተዋወቀልኝ፤ በየወሩ «ይህን ያህል ሺህ ሰው አይቶታል» የሚል ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ውሉ ሲያልቅ ማስታወቂያው የተሠራበትን አካውንት ስጠኝ ብለው «የእኔ ነው» አለኝ። ለሌላ ሰው ብሰጥስ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ብዙዎች በዚህ መንገድ ስለሚከፍሉ ብቻዎን አይደሉም። አካውንቱ ከእጅዎ በመውጣቱ የተጎዱት በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቃል፣ የትኛው ፎቶ፣ የትኛው ሰዓት እንደሠራ የሚናገረው የሦስት ወር መዝገብም አብሮ ሄዷል። የጎግልና የፌስቡክ ማሽኖች ጨረታውን በራሳቸው የሚመሩት ካለፈው ውጤት እየተማሩ ስለሆነ፣ አዲሱ ሠራተኛ ትምህርቱን እንደገና በእርስዎ ገንዘብ ያስጀምራል። በሌላ በኩል በወር ሦስት ወይም አራት ሠርግ የሚይዝ አዳራሽ ለማሽኑ የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ «ሁሉንም ለአውቶማቲክ እንተወው» የሚልዎትን ሠራተኛ አይስሙት። በእጅ የተወሰነ የአንድ ጠቅታ ዋጋ ጣሪያና ጠበብ ያለ አካባቢ ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ ይስማማል።

በሚቀጥለው ጊዜ አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት፤ ለሠራተኛው የመሥራት ፈቃድ ብቻ ይስጡት፣ ውሉ ሲያልቅም ፈቃዱን ይሰርዙት። የማስታወቂያውን ገንዘብና የእርሱን የድካም ዋጋ ለያይተው ይክፈሉ፤ ከ60,000 ብሩ ውስጥ ስንቱ ወደ ጎግል ወይም ወደ ፌስቡክ እንደገባ አሁን ሊያውቁ የማይችሉት ሁለቱ ተቀላቅለው ስለተከፈሉ ነው። ድካሙን ከወጪው ላይ በመቶኛ ማሰብ ይቅር፤ ብዙ ባወጡ ቁጥር ብዙ የሚያገኝ ሰው እንዲቆጥቡ ሊመክርዎ ይከብደዋል። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም የባንክ ካርድ ከሌለዎትና በእርሱ ካርድ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ፣ ከአካውንቱ የክፍያ ገጽ የሚወጣውን ደረሰኝ በየወሩ ይቀበሉ፤ ስልክ ላይ የተነሣ ፎቶ ደረሰኝ አይደለም።

«ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው» የሚለውን ሪፖርት ወደ ጎን ይተዉት። የሠርግ አዳራሽ በኢንተርኔት አይያዝም፤ ሰው ይደውላል፣ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ያያል፣ ቀብድ ይከፍላል። ስለዚህ አንድ አዲስ ሲም ካርድ አውጥተው ቁጥሩን በማስታወቂያው ላይ ብቻ ያስጽፉ፤ በበሩ ታፔላም ሆነ በካርድዎ ላይ አያውጡት። በወሩ መጨረሻ በዚያ ስልክ የደወሉትን፣ ከደወሉት ውስጥ አዳራሹን ለማየት የመጡትን፣ ከመጡት ውስጥም ቀብድ የከፈሉትን በአንድ ደብተር ላይ ለያይተው ይጻፉና፣ ያወጡትን ገንዘብ ቀብድ በከፈሉት ቁጥር ያካፍሉት።